ከርክክብ እስከ መጀመሪያው ምርት



 የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች የሰጡኝ ርዕስ «መንግሥት ለጀማሪ አርሶ አደሮች የሚያደርገው ድጋፍ» የሚል ነው። በከተማ አዳራሽ፣ ያውም በእንጦጦ ግርጌ፣ ስለ ጀማሪ አርሶ አደር ማውራት ለአንዳንዱ ሰው እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። ለጉለሌ ግን እንግዳ አይደለም። ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከተማው ከመቆርቆሩ በፊት እዚህ ያርስና ከብት ያረባ ከነበረው ከቱለማ ኦሮሞ የጉለሌ ጎሳ ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎችም አብዛኞቹ የመጡት ከጋሞ ደጋ ነው፤ ጨንቻና ዶርዜ ደግሞ በእንሰትና በአፕል የታወቁ የተራራ ገበሬዎች አገር ናቸው። ዛሬም በየግቢው ጎመን የሚተክሉ፣ ላም የሚያልቡ፣ ዶሮ የሚያረቡ ቤተሰቦች በመካከላችን አሉ። እንግዲህ ስለራሳችን ጉዳይ ነው የምንነጋገረው።

ሐሳቤን ከወዲሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ላስቀምጠው፤ እየደጋገምሁም እመለስበታለሁ። ለጀማሪ የሚሰጥ ድጋፍ የሚመዘነው በርክክቡ ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ምርት ቀን ነው።

ቄብ ወይም ዘር ሲታደል፣ ብድር ሲለቀቅ ሰው ይሰበሰባል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ሪፖርት ይጻፋል። የጀማሪው ፈተና የሚጀምረው ግን ሰው ከተበተነ በኋላ ነው። ከርክክቡ እስከ መጀመሪያው ምርት ያለውን ጊዜ መሻገር የቻለ አርሶ አደር ይሆናል፤ ያልቻለ የተሰጠውን ሸጦ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል። ስለዚህ በዚህ መካከል ስላለው ጊዜ ነው በአምስት ነጥብ ከፍዬ የምናገረው፤ ጀማሪ የምንለው ማን እንደሆነ፣ ቦታና ውሃ፣ ገንዘብ፣ እውቀትና ክትትል፣ በመጨረሻም ገበያ።

አንደኛ፤ ጀማሪ ማን ነው?

በአገራችን የድጋፍ ፕሮግራሞች ሰውን የሚመድቡት በዕድሜው፣ በጾታው፣ በኑሮው ደረጃ ወይም በልማት ተነሺነቱ ነው። የወጣቶች ፈንድ አለ፤ ለሴቶች ቅድሚያ ይሰጣል፤ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ ሴፍቲኔት አለ፤ ከተማው ሲሰፋ መሬታቸውን ለለቀቁ አርሶ አደሮች ደግሞ በአርሶ አደርና ከተማ ግብርና ልማት ኮሚሽን በኩል የሚሰጥ ድጋፍ አለ። ሁሉም ተገቢ ነው። ሆኖም የሃያ ዓመት ልምድ ያላት ወተት አምራችና ትናንት የመጀመሪያ ላሟን የገዛች ወጣት በአንድ መዝገብ ላይ «ሴት» ተብለው ሊሰፍሩ ይችላሉ። የሚያስፈልጋቸው ግን ለየቅል ነው።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት እንዳየው ማወቅ ይጠቅማል። የአሜሪካ መንግሥት የግብርና መሥሪያ ቤት ጀማሪ የሚለው በእርሻ ሥራ ከአሥር ዓመት ያልበለጠውን ነው። ለአነስተኛ አራሾች እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ ቀለል ያለ ብድርም አለው፤ ብዙ ጀማሪዎች ይጠቀሙበታል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረችው አሠራር ደግሞ ከዚህ ይልቅ ለእኛ ትምህርት አለው። ወደ እርሻ ለሚገባ ወጣት በሥልጠናው ዘመን እስከ ሁለት ዓመት፣ ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ እስከ አምስት ዓመት፣ በዓመት እስከ 1.5 ሚሊዮን የን ትሰጥ ነበር። ገንዘቡ ወጣቱ ምርቱ እስኪደርስለት ድረስ የሚኖርበት ነው። ጃፓኖች ጀማሪ ምርቱ እስኪደርስ መብላት እንዳለበት ቀድመው አስበውበታል።

የእኛ አቅም የጃፓንን ያህል እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ትምህርቱ ግን ገንዘብ አያስወጣም። አንድ ሰው ሲመዘገብ «ዕድሜህ ስንት ነው?» ከሚለው ጥያቄ አጠገብ «በዚህ ሥራ ስንት ዓመት ቆይተሃል?» የሚል አንድ መስመር መጨመር ይቻላል። መልሱ «ገና መጀመሬ ነው» ከሆነ፣ ለዚያ ሰው ከርክክብ በኋላ የሚደረገው ክትትል የተለየ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፤ ቦታና ውሃ

በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አርሶ አደሮችም መሬት በነጻ የማግኘት መብት አላቸው። ይህ መብት በተግባር የሚሠራው ግን በገጠር ነው። የከተማ ቦታ የሚተዳደረው በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነው። የጉለሌ ወጣት አርሶ አደር ልሁን ቢል እንደ ገጠሩ ወጣት «መሬት ይሰጠኝ» ብሎ የሚያመለክትበት መንገድ የለውም። ያለው የቤተሰቡ ጓሮ፣ ተደራጅቶ የሚያገኘው ሸድ ወይም በስምምነት የሚሠራበት የትምህርት ቤት፣ የቤተ እምነት ወይም የመሥሪያ ቤት ግቢ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፤ በሰው ግቢ የምትሠሩ ከሆነ በቃል ስምምነት ብቻ አትጀምሩ። ቦታው ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ውሃውን ማን እንደሚከፍል፣ ቦታው ለሌላ ሥራ ቢፈለግ የስንት ወር ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥ በወረቀት ይስፈር። አንድ ገጽ ይበቃል። ባለሥልጣኖቻችንም ሸድ ወይም የወንዝ ዳር ቦታ ስትሰጡ የቆይታ ዘመኑን በግልጽ ጻፉ። ነገ ይነሣ አይነሣ የማያውቅ ሰው አፈሩን አያዳብርም፤ ፍግ አይጨምርም፤ ዛፍ አይተክልም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ከታሪካችን የወጣ ትምህርት ስላለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአርሲ ጭላሎ አውራጃ የተቋቋመውን የግብርና ልማት ፕሮጀክት፣ ካዱን፣ ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። ዓላማው ደግ ነበር፤ ለአነስተኛ ገበሬውና ለጭሰኛው ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ማድረስ። ምርቱም ጨመረ። መሬቱ ግን የጭሰኛው አልነበረም። እርሻ አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኞችን ከመሬቱ አፈናቀሉ። ለድሃው የመጣው ድጋፍ መሬቱን በያዘው ሰው እጅ ገባ። በቦታው ላይ መብቱ ያልተረጋገጠለትን ሰው ስትደግፍ የሌላውን ሀብት ልታሳድግ እንደምትችል ካዱ አስተምሮናል። የዛሬው ሕግ ከዚያን ጊዜው የተለየ ቢሆንም በሰው ግቢ ለሚሠራ የከተማ ጀማሪ ነገሩ ዛሬም እውነት ነው።

ወደ ውሃ ልለፍ። ከእንጦጦ የሚወርዱት ወንዞቻችን በሰፈሮቻችን መካከል ሲያልፉ የቤት ፍሳሽና ቆሻሻ ይቀላቀልባቸዋል። በጥሬው የሚበላ ሰላጣ በዚህ ውሃ አይለማም። የቧንቧ ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው፤ ዋጋም አለው። አምላክ ለጉለሌ የሰጠው ግን ክረምት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት በአንድ የሐምሌ ከሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበት ወደ 800 ሊትር ይወርድለታል። አሸንዳና ሮቶ ያለው ሰው ይይዘዋል፤ የሌለው ቁልቁል ሲሄድ ያየዋል። ክረምት ሲያልፍ የተያዘው ውሃ የመስከረምንና የጥቅምትን ችግኝ ያሻግራል። ስለዚህ ለአትክልት ጀማሪ ከዘር እኩል ሮቶና አሸንዳ የድጋፉ አካል ይሁን እላለሁ።

ሦስተኛ፤ ገንዘብ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። የመንግሥት ድጋፍ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የማይመለስ ድጋፍ አለ፤ የሚመለስ ብድር አለ፤ በኪራይ የሚገኝ መሣሪያም አለ። የትኛውን እንደተቀበላችሁ በትክክል እወቁ።

ከማይመለሰው ልጀምር። የገጠሩ የልማታዊ ሴፍቲኔት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ወደ ከተማ የመጣው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀመረ፤ በሁለተኛው ምዕራፍ ከተሞቹ 83 እንዲደርሱ ታቀደ። በዚህ አዳራሽ የአካባቢ ልማት ሥራ የሠራችሁ እናቶች እንዳላችሁ አምናለሁ፤ አሠራሩን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሦስት ዓመት ይሠራል፤ ከክፍያው 20 በመቶው ይቆጠባል፤ በመጨረሻም ሥልጠና ወስዶ የሥራ ዕቅድ ላቀረበ ቤተሰብ የኑሮ ማሻሻያ ገንዘብ ይሰጣል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ይህ ገንዘብ 500 ዶላር ያህል በብር ተመንዝሮ የሚሰጥ ነበር።

የዚህ ፕሮግራም ትልቁ ብልሃት ቅደም ተከተሉ ነው። ገንዘቡ የመጣው ከቁጠባና ከሥልጠና በኋላ ነው፤ ሰውየውም በሦስት ዓመቱ ውስጥ ገቢ ነበረው። የዕለት ጉርሱ የተሸፈነለት ሰው የተሰጠውን ዶሮ ለቤት ኪራይ አይሸጥም። ጃፓኖች በብዙ ገንዘብ ያደረጉትን እኛም በአቅማችን አድርገነው እናውቃለን ማለት ነው።

ሁለተኛው ብድር ነው። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት ሲሆን ከ18 እስከ 34 ዓመት ላሉ ወጣቶች የታሰበ ነው። ተዘዋዋሪ የተባለው አንዱ ሲመልስ ለሌላው ስለሚሰጥ ነው። አንድ ቡድን ብድሩን ሳይመልስ ሲበተን ከኋላው ተራ የሚጠብቀውን ወጣት ዕድል ይዞ ይሄዳል። አዲስ ብድርና ቁጠባ ተቋምም ለተደራጁ አንቀሳቃሾች ያበድራል፤ ቁጠባም ይጠይቃል። ልጆቼ፣ ብድር ስጦታ አይደለም። «የመንግሥት ገንዘብ ነው፤ ማን ይጠይቀናል?» የሚል ጓደኛ ካላችሁ አብራችሁ አትደራጁ። የምትደራጁት ከምታውቁት ሰው ጋር ይሁን፤ ማን ማለዳ መኖ እንደሚሰጥ፣ ማን ገንዘብ እንደሚይዝ፣ ከማኅበሩ የወጣ ሰው ምን እንደሚያገኝ ብድሩ ከመለቀቁ በፊት ጻፉ።

ዋስትና የላችሁም? በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን መንገድ ከፍቷል፤ ከብትም ሆነ ማሽን በዚህ ይካተታል። በገጠር የቤተሰብ ይዞታ ላላችሁ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያቀርብ ፈቅዷል። እነዚህን አዋጆች በስማቸው ጠቅሳችሁ ጠይቁ። ሕጉን የሚያውቅ ሰው ሲመጣ ባለሙያውም በጥንቃቄ ይመልሳል።

ሦስተኛው የካፒታል ዕቃ ኪራይ ነው። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ በሊዝ ፋይናንስ አሠራሩ ተበዳሪው 20 በመቶ ሲያዋጣ 80 በመቶውን ሸፍኖ ማሽን ይገዛለታል፤ ክፍያው ሲያልቅ ማሽኑ የተበዳሪው ይሆናል። ይህ ለመጀመሪያው ቀን የሚሆን አይደለም። ወተት ማቀነባበር ወይም መኖ መፍጨት ለሚያስብ፣ ሥራውን ለለመደ ሰው ግን ቀጣዩ ደረጃ ነው።

አሁን ደግሞ ገንዘቡ የት ላይ እንደሚጎድል በቅርበት እንየው። «የሌማት ትሩፋት» በተባለው መርሐ ግብር 50 የ45 ቀን ቄብ የተረከበች አንዲት እናት እናስብ። ይህ መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተበሠረ፣ በተለይ ወተትን፣ እንቁላልን፣ የዶሮ ሥጋንና ማርን ወደ ቤተሰብ ማዕድ ለማድረስ የታሰበ ነው። ቄቦቹ እንቁላል የሚጀምሩት በአምስት ወራቸው ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከርክክቡ በኋላ መቶ ቀን ያህል ይበላሉ እንጂ አይከፍሉም። በዚያ ጊዜ አንዷ ቄብ በአማካይ ከ70 እስከ 80 ግራም መኖ በቀን ትበላለች። በመቶ ቀን ለ50 ቄቦች ከሦስት ተኩል እስከ አራት ኩንታል መኖ ማለት ነው። መጣል ሲጀምሩ ደግሞ አንዷ ከ110 እስከ 120 ግራም ትፈልጋለች፤ አንድ ኩንታል ለአሥራ ሰባት ቀን ያህል ብቻ ይበቃል።

እንግዲህ እናቲቱ እጇ ላይ ገንዘብ ከሌላት ምን ታደርጋለች? መኖውን በፉርሽካ ታበዛዋለች። ቄቦቹ ይቀጭጫሉ፤ መጣል ይዘገያል። ኋላም ለበዓል አሥሩን ትሸጣለች፤ ከዚያ ሌላ አሥር ትደግማለች። በስድስተኛው ወር ባለሙያው ሲመጣ ባዶ ቤት ያገኛል፤ «ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም» ብሎም ይጽፋል። የጎደለው ግንዛቤ አልነበረም፤ አራት ኩንታል መኖ ነበር። ሃምሳ ቄብ ሰጥቶ መኖ ከመከልከል ሠላሳ ቄብ ከመቶ ቀን መኖ ጋር መስጠት ይሻላል። የታደለው ቄብ ቁጥር በሪፖርቱ ላይ ይቀንስ ይሆናል፤ የእንቁላሉ ቁጥር ግን ይጨምራል። ደግሜ እላለሁ፤ ድጋፍ የሚመዘነው በመጀመሪያው ምርት ቀን ነው።

አራተኛ፤ እውቀትና ክትትል

ሥልጠና በአዳራሽ ይጀመራል፤ በአዳራሽ ግን አያልቅም። ጀማሪ የሚፈልገው ችግሩ በገጠመው ቀን የሚደውልለት ሰው ነው።

ጉለሌ ከፍ ያለ፣ ብርዳም ቦታ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለሕፃን ቄብ ከባድ ነው። ቤቷ በነፋሱ በኩል የተሸፈነ፣ ከላይ ግን አየር የሚያስወጣ፣ ወለሉ ደረቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ የተነጠፈበት ይሁን። ከስድስት ወይም ከሰባት ጣይ ዶሮ በላይ በአንድ ካሬ ሜትር አይታጎር። ብርድ ፈርቶ ቤቱን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ሰው ሽታውንና ሳሉን ራሱ ይጠራል።

ክትባት ደግሞ የሞት ሽረት ነው። ፈንግል የገባበት ቤት በሳምንት ውስጥ ባዶ ሊሆን ይችላል። ክትባቱን በአገራችን፣ በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። ነገር ግን የሚመጣው ለብዙ ዶሮ በሚበቃ ብልቃጥ ነው፤ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ከተከፈተ በኋላም አይቆይም። አሥር ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ብልቃጥ ብትከፍት አብዛኛው ይደፋል። ስለዚህ ጎረቤታሞች አንድ ቀን ቆርጣችሁ፣ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠርታችሁ በአንድ ጠዋት አስከትቡ። ዕድርና ዕቁብ የሚያውቅ ሕዝብ የክትባት ቀን ማደራጀት አያቅተውም።

በተራራ ዳር ለምትኖሩ የአትክልት ጀማሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። በተዳፋት ግቢ ክረምት አፈሩን ይዞት ይወርዳል። መደቡን እንደ እርከን አግድም ሥሩት። ቦታው ጠባብ ከሆነ በአፈርና በበሰበሰ ፍግ የተሞላ ጆንያ ጎኑ እየተበሳ ጎመንና ቆስጣ ይተከልበታል፤ ባልዲ የማይሞላ ውሃ ያጠጣዋል። ለምን ጎመንና ቆስጣ? ቶሎ ስለሚደርሱና ቅጠላቸው እየተለቀመ ደጋግመው ስለሚሰጡ ነው። ጀማሪ በመጀመሪያው ዓመት ቶሎ የሚደርሰውን ይትከል፤ እንደ አፕል ያለው የሚዘገየው ጥግ ጥጉን ይደግ።

የምንማርበት ቦታም ቅርብ ነው። በእኛው ተራራ ላይ የጉለሌ እጽዋት ማዕከል አለ። በሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከልና የንብ ምርምር ማዕከል አሉ። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሲያብብ ንብ ምን እንደሚያገኝ ለሚያስብ ወጣት የሆለታ መንገድ ሩቅ አይደለም። በሥልጠና በጀት አበል ከመክፈል ይልቅ ሃያ ጀማሪዎችን በአንድ አውቶቡስ ወስዶ ማሳየት የበለጠ ያስተምራል።

ለባለሙያዎቻችን የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ለእያንዳንዱ ጀማሪ ከርክክብ በኋላ አራት ጉብኝት በቀን ተቆርጦ ይመደብ፤ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በመጀመሪያው ወር፣ በሦስተኛው ወርና በመጀመሪያው ምርት ሰሞን። ሪፖርቱም «ስንት ታደለ?» ከሚለው ጎን «ስንቱ ምርት ሰጠ?» የሚል ዓምድ ይኑረው። ይህን ዓምድ የሚሞላ ባለሙያ ሥራው ራሱ ይመሰክርለታል።

አምስተኛ፤ ገበያ

በመጨረሻው ነጥብ የምለው ጊዜን ስለማወቅ ነው። በአገራችን የወተትና የእንቁላል ገበያ ጾምን ተከትሎ ይወጣል፤ ይወርዳል። ከሌላ አገር የመጣ መጽሐፍ ይህን አይነግራችሁም። በጥቅምት መጨረሻ የተረከባችኋቸው ቄቦች መጣል የሚጀምሩት የካቲት ላይ፣ ዐቢይ ጾም በሚገባበት ሰሞን ነው። 55 ቀን ሙሉ መኖ እየገዛችሁ ገዢ ታጣላችሁ። በታኅሣሥ አጋማሽ የተረከባችኋቸው ግን ለፋሲካ ይደርሳሉ። ስለዚህ የርክክቡ ወር ራሱ የድጋፉ አካል ነው። ባለሙያዎች ሆይ፣ የስርጭቱን ቀን ከበጀት መዝጊያ ጋር ብቻ ሳይሆን ከገበያው ጋርም አስማሙት።

ጾም ግን ለአትክልት ሻጭ ወርቃማ ጊዜ ነው። በጾም የሚሸጥ ጎመንና ሰላጣ፣ በፍስክ የሚሸጥ እንቁላል ያላት እናት ዓመቱን ሙሉ ገቢ አላት። የዶሮው ኩስ ከበሰበሰ በኋላ የጎመኑ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ጎረቤትም በኩሱ ሽታ አይማረርም። ሁለቱን አጣምራችሁ ጀምሩ።

የት ይሸጣል? የእሁድ ገበያዎች አሉ፤ አምራቹ ያለ ደላላ ሸማቹን የሚያገኝበት ነው። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አሉ። ከሁሉም በላይ ግን በከተማችን የሚካሄደውን የተማሪዎች ምገባ ልብ በሉት። በየትምህርት ቤቱ በየቀኑ ድስት ይጣዳል። የሚገባው አትክልትና እንቁላል ከሩቅ ብቻ መምጣት አለበት? በወረዳው ውስጥ ያሉ ጀማሪዎች ተደራጅተው በጥራትና በወቅቱ የሚያቀርቡበት ውል ቢኖር፣ መንግሥት በአንድ እጁ የሰጠውን ድጋፍ በሌላ እጁ ገበያ አድርጎ ያጸናዋል። ለዚህ አዲስ ተቋም አያስፈልግም፤ የከተማ ግብርናው ጽሕፈት ቤትና የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ይበቃል።

ክቡራትና ክቡራን፤

አምስቱን ነጥቦች ላጠቃልል። ጀማሪውን ከነባሩ ለዩት። የቦታውን ዘመን በጽሑፍ ስጡት፤ የሰማዩን ውሃ የሚይዝበት አግኙለት። ከቄቡ ጋር መኖውን፣ ከብድሩ ጋር ምክሩን አስከትሉ። ከርክክብ በኋላ አራት ጊዜ ጎብኙት። የሚሸጥበትን ቀንና በር አስቀድማችሁ አመቻቹለት።

እናንተ ጀማሪዎች ደግሞ ድጋፍ ለመቀበል ከመፈረማችሁ በፊት አምስት ነገር ጠይቁ፤ የሚመለስ ነው ወይስ የማይመለስ? እንስሳው ምን ያህል ቀኑ ነው፤ ምን ምን ተከትቧል? እስኪያመርት ድረስ ምን ያህል መኖ ይፈልጋል፤ ከየትስ ይመጣል? ችግር ሲገጥመኝ የምደውለው ለማን ነው? መጀመሪያ የምሸጠው በየትኛው ወር፣ ለማን ነው? ለእነዚህ መልስ ያላገኘ ሰው ተራውን ለሚቀጥለው ዙር ቢያስተላልፍ ይሻለዋል። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የሚሰጣችሁ የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ እንዳይባክን መጠየቅ ግዴታችሁ ነው።

ነባር አምራቾች፣ በተለይም በየግቢያችሁ ላም ስታልቡ ልጅ ያሳደጋችሁ እናቶች፤ እያንዳንዳችሁ አንድ ጀማሪ ያዙ። አንዲት ልጅ በሳምንት አንድ ጠዋት ከእናንተ ጋር ብትውል ከማንኛውም ሥልጠና ይበልጥ ትማራለች።

የከተማችንና የክፍለ ከተማችን ኃላፊዎችም የዘንድሮውን ዕቅድ ስታዘጋጁ በአንድ መለኪያ እንድትመዝኑት አደራ እላለሁ፤ ድጋፍ ካገኙት ጀማሪዎች ስንቱ የመጀመሪያ ምርቱን ሸጠ? ይህ ቁጥር ካደገ ግብርናችን አድጓል፤ ካላደገ ያደለው እጅ ምንም ያህል ቢበዛ ሥራው ገና አልተሠራም።